ደረጃ አምስት ዳማ ከሴ

በ2094 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ላይ፣ በየረር ማማ ቁጥር ስድስት አሥራ ሰባተኛ ፎቅ፣ በወይዘሮ ኤልዳና ተስፉ በረንዳ አንድ ዳማ ከሴ አበበ። ማበቡ ወንጀል አልነበረም። ወንጀሉ ሳይመዘገብ ማበቡ ነው።

ዳማ ከሴው ቂጡ በተበሳ አሮጌ የቀለም ባልዲ ውስጥ ለአሥራ አንድ ዓመት ኖሯል። በእነዚህ ዓመታት የማንንም ሰላም አላደፈረሰም። ጠዋት ጠዋት አንድ ኩባያ ውሃ ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲበረታ ሁለት። ጫፉ ሲረዝም ወይዘሮ ኤልዳና በጥፍራቸው ይቀነጥሱታል፤ ሲቀነጠስ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ቅጠሉም ይበረክታል። እምቡጥ ሲያወጣ ደግሞ ሳይፈነዳ ይለቅሙለታል፤ ያበበ ዳማ ከሴ ጉልበቱን ለአበባው ሰጥቶ ቅጠሉ ይኮሰምናልና። በዚያ ጥቅምት ግን ሴትየዋ ራሳቸው ጉልበታቸውን ታመው ሁለት ሳምንት ያህል ወደ በረንዳው ሳይወጡ ቀሩ። ተክሉ አጋጣሚውን ተጠቀመበት። ነጣ ያለ ሐምራዊ አበባውን ዘርግቶ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አንድ ንብ ጠራ።

ንቡ የመጣው ማክሰኞ ነው። ማስጠንቀቂያው ረቡዕ።

ወይዘሮ ኤልዳና የሰባ አራት ዓመት ሴት ናቸው። ሠላሳ ዓመት የከተማ ባቡር ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። ረቡዕ ጠዋት እንደ ማንኛውም ዜጋ በግድግዳው ሰሌዳ ፊት ቆመው የዕለቱን ጥያቄ እየመለሱ ነበር።

«እንዴት አደሩ? ከአንድ እስከ አምስት ይግለጹ» አለ ሰሌዳው።

«ሦስት።»

«ለምን አምስት አልሆነም?»

«ጉልበቴ ነዋ።»

«ስለ ግልጽነትዎ እናመሰግናለን» አለና፣ በዚያው ደግ ድምፅ ቀጠለ። «በቤትዎ ውስጥ ያልተመዘገበ የጤና አገልግሎት ሰጪ ተገኝቷል።»

ወይዘሮ ኤልዳና ዞር ብለው ቤታቸውን አዩ። ከእሳቸውና ከተጣደው ድስት በቀር ማንም የለም።

«የቱ አገልግሎት ሰጪ?»

«በረንዳ ላይ ያለው። ጥቆማውን ያደረሱት የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ኬብሮን አድማሱ ናቸው። ለንቁ ተሳትፏቸው ምስጋና ይድረሳቸው።»

አቶ ኬብሮን የሚኖሩት ፊት ለፊት፣ ከአንድ ኮሪደር ማዶ ነው። የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜያቸውን በሙሉ የጠርሙስ ክዳን ሲቆጣጠሩ የኖሩ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ደግሞ የሕንጻውን መተዳደሪያ ደንብ የሚያነቡ ሰው ናቸው። ሌሎች ባለቤታቸው ሲሞቱ መጠጥ ይጀምራሉ። አቶ ኬብሮን አንቀጽ ጀመሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ደንብ ሲከበር ዓለም በቦታዋ የምትቆም ይመስላቸው ነበር እንጂ።

ወይዘሮ ኤልዳና ኮሪደሩን ተሻግረው የሰውየውን በር አንኳኩ።

«አቶ ኬብሮን፣ ተክሌን ከሰሱብኝ?»

«አልከሰስኩም፤ ጠቆምኩ። ይለያያል።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያዩት ኖረው?»

«እስከ ትናንት ጌጥ ነው ብዬ በዝምታ አልፌዋለሁ። ሲያብብ ግን ዝርያው ታወቀ። መድኃኒትነት ያለው ተክል ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ቁጥሩም ሠላሳ ሰባት ነው።»

«አምና ምች መትቶዎት ወድቀው፣ ከዚሁ ቅጠል አሽቼ ያጠጣሁዎት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ታዲያ መድኃኒት መሆኑን በምን አወቅኩ?» አሉ አቶ ኬብሮን፣ ከልባቸው ተገርመው።

ወይዘሮ ኤልዳና ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

በሳምንቱ የቤት ጤና ክፍሎች ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪ ላከ። ተቆጣጣሪዋ ባንቺአምላክ የምትባል የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት፤ በዚያ ዘመን ወጣቶች ሁሉ እንዲህ ያለ ስም ነበራቸው፣ ኤልዳናና ኬብሮን የሚባሉት አሮጊትና ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። ልጅቷ ትሑት ናት። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፣ ተክሉን ዞረችው፣ ቅጠሉን ግን አልነካችም። ለመንካት የተለየ ሥልጠና ያስፈልጋል።

«እማማ፣ ሁለት አማራጭ አለዎት» አለች። «ወይ ዛሬ እነቅለዋለሁ፣ ወይ ያስመዘግቡታል።»

«ሳስመዘግበው ምን ይሆናል?»

«ቤትዎ ደረጃ አምስት ጤና ተቋም ይሆናል።»

«እኔስ?»

«የተቋሙ ኃላፊ።»

ወይዘሮ ኤልዳና ሳቁ። ባንቺአምላክ አልሳቀችም።

መንቀሉ የማይታሰብ ነበር። ባልዲው ውስጥ ያለው አፈር የታላቅ እህታቸው የሜላት ግቢ አፈር ነው። ሜላት የወረሰችው የወላጆቻቸው ቤት ለመናፈሻ ሲፈርስ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ በርና መስኮቱን ሲነቅል፣ ሜላት ከጓሮ አንድ የዳማ ከሴ ቅርንጫፍ ቆርጣ በእርጥብ ካልሲ ጠቅልላ፣ አፈሩን በፌስታል ቋጥራ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ድረስ ይዛ መጣች። «ይሄን አሳድጊው፤ እኔ የገባሁበት ቤት በረንዳ የለውም» አለች። ሁለት ዓመት ሆናት ከሞተች። ከልጅነት ቤታቸው የቀረ ነገር ቢኖር ያ ባልዲ ነው።

«መዝግቢው» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና።

ምዝገባው ቀላል ነው ተባለ። በር ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ፣ ቁመቱ የተወሰነ የመጠበቂያ ወንበር፣ የአስተያየት መስጫ ሳጥንና «የሠለጠነ አጠጪ» ብቻ ያስፈልጋል። ወንበሩን አቶ ኬብሮን በሜትር እየለኩ አመቻቹላቸው፤ በእውነት ሊያግዟቸው ፈልገው ነበር። ሥልጠናው ሦስት ቀን ፈጀ። አዳራሹ ውስጥ ዘጠና ያህል አዛውንቶች ተቀምጠው ነበር፣ ጤና አዳም ያለው፣ በሶብላ ያለው፣ በፌጦ የተጠረጠረ። አሠልጣኙ በሕይወቱ አፈር ነክቶ የማያውቅ ሸጋ ጎልማሳ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ስለ ውሃ ምንነት አስረዳ። በሁለተኛው ቀን ስለ ማጠጣት ጽንሰ ሐሳብ። በሦስተኛው ቀን ጥያቄ ያለው ካለ ብሎ ሲጠይቅ፣ ከኋላ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አውጥተው፣

«የኔ ልጅ፣ የምንለቀቀው ስንት ሰዓት ነው? ጤና አዳሜ ውሃ ካገኘ ሦስት ቀኑ ነው» አሉት።

አሠልጣኙ ጥያቄው ከርዕሱ ውጭ መሆኑን በትሕትና ገለጸ።

ወይዘሮ ኤልዳና የምስክር ወረቀታቸውን ይዘው ሲመለሱ ዳማ ከሴው አንገቱን ደፍቶ ጠበቃቸው። ሁለት ኩባያ አጠጡት። እስከ ማታ ቀና አለ። ሕዳር አንድ ቀን ተቋሙ ሥራ ጀመረ።

ማንም ይመጣል ብለው አልጠበቁም ነበር። ነገር ግን በከተማው ውስጥ የታመመ ሰው ሁሉ ሰሌዳውን ይጠይቃል፣ ሰሌዳውም በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ተቋም ይልካል። ለየረር ማማ ነዋሪዎች በአቅራቢያ ያለው ተቋም አሁን አንድ ባልዲ ነው።

የመጀመሪያው ታካሚ የሕመም ፈቃድ ወረቀት የፈለገ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ሁለተኛዋ እውነትም ምች የመታት ሴት ነች፤ ከንፈሯ ቆስሎ፣ ራሷን ይዛ ገባች፣ ቅጠሉን አሽተው አስሸተቷት፣ ግንባሯን ቀቧት፣ እየመረቀቻቸው ሄደች። ወይዘሮ ኤልዳና ያን ቀን ደስ አላቸው። አራተኛው ግን እጁን በእጁ ደግፎ የገባ ጎልማሳ ነው።

«ምን ሆነሃል?»

«ከደረጃ ወድቄ።»

«እጅህ እኮ ተሰብሯል።»

«አውቃለሁ። ሰሌዳው ግን መጀመሪያ እዚህ ሂድ አለኝ።»

ወይዘሮ ኤልዳና እጁን በነጠላቸው አንገቱ ላይ አሰሩለት። መመሪያው ስለሚያዝ ሁለት ቅጠል አሽተው ሰጡት። ሰውየው እያሸተተ ወደ ሊፍቱ ሄደ። ሊፍቱ ሳይከፈት በፊት የዛሬው አገልግሎት እንዴት ነበር ብሎ ጠየቀው። «አምስት» ሲል ተሰማ፤ ሌላ ቁጥር የተናገረ ሰው ምክንያቱን ለማስረዳት ቆሞ ስለሚቀር ሁሉም አምስት ነው የሚለው።

በሁለተኛው ሳምንት በቀን አሥራ አምስት ሰው ይመጣ ጀመር። መመሪያው ለአንድ ታካሚ ሁለት ቅጠል ይላል። ዳማ ከሴ ቅጠል የሚያወጣው ግን በመመሪያ አይደለም። ከታች በኩል ቅርንጫፎቹ ራቁታቸውን ቀሩ፣ አዲሱ ቀንበጥ ጥፍር ሳያህል ይቀጠፋል። ወይዘሮ ኤልዳና መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ከዚያ ግማሽ ግማሽ ቅጠል መስጠት ጀመሩ። በሪፖርቱ ላይ «ሁለት» ብለው ይሞሉታል። ሰሌዳው በየጠዋቱ ተክሉን አይቶ የቀረውን ቅጠል ቆጥሮ ያሳውቃቸዋል፤ ሁለቱ ቁጥሮች እንደማይገናኙ ግን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ሪፖርት የሚጠየቅ እንጂ የሚነበብ አልነበረም።

ሕዳር ሲያልቅ ባንቺአምላክን በሰሌዳው አስጠሯት።

«የኔ ልጅ፣ ይሄን ነገር መዝጋት እፈልጋለሁ። ተክሉ እያለቀብኝ ነው።»

«እማማ፣ የዚህ ዓመት ዕቅዳችን አርባ ሺህ ተቋም መክፈት ነው» አለች ልጅቷ። «መዝጋት ግን ዕቅድ ውስጥ የለም።»

«ቢደርቅስ?»

«ሲደርቅ የሞት ማረጋገጫ ይሞላል፤ ከዚያ ከመዝገብ ይወጣል።»

«እስኪሞት ልጠብቅ ማለት ነው?»

«እማማ፣ እኔ ብሆን ለአንድ ታካሚ ሩብ ቅጠል ነበር የምሰጠው» አለችና፣ ፈጥና መስመሩን ዘጋች።

ታኅሣሥ አሥራ አራት፣ ሐሙስ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ኤልዳና ሰባተኛውን ታካሚ ሸኝተው ኮሪደሩን ሲያዩ፣ ከተራው መጨረሻ አቶ ኬብሮን ተቀምጠዋል። ቁጥራቸው አሥራ አምስት ነው። ከራሳቸው ቤት በር እስከ መጠበቂያው ወንበር አራት እርምጃ ብቻ ቢሆንም ተራቸውን ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ኮታቸውን ቆልፈው ይጠብቃሉ።

«ምነው አቶ ኬብሮን? ምን ሆኑ?»

«ተራዬ አልደረሰም።»

«ይናገሩ እንጂ!»

«ከትናንት ጀምሮ ራሴን ያመኛል። ብርሃኑ ዓይኔን ይወጋኛል። ሰሌዳው ምች ነው ብሎኛል።»

ወይዘሮ ኤልዳና እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጫኑ። እንደ ምጣድ ይፋጃል። ሸሚዛቸው በላብ ርሷል፣ ጥርሳቸው ግን ይንገጫገጫል።

«እስቲ አገጭዎን ወደ ደረትዎ ያድርጉት።»

አቶ ኬብሮን ሞከሩ። አንገታቸው አልታጠፈም። ሲገፉበት ጊዜ ጉልበታቸው ራሱ ተሰብስቦ ወደ ላይ መጣ፤ አቃሰቱ።

ወይዘሮ ኤልዳና ይህን ነገር አንድ ጊዜ አይተውታል። በባቡር ሥራቸው ጊዜ ያቤጽ የሚባል የሥራ ባልደረባቸው እንዲሁ አንገቱ እንደ እንጨት ደርቆ፣ ብርሃን ሸሽቶ፣ የማረፊያ ክፍሉ ጥግ ተቀምጦ ነበር። ጉንፋን ነው ብለው ሻይ ሰጡት። በሦስተኛው ቀን ቀበሩት። ማጅራት ገትር ነው።

እየሮጡ፣ ጉልበታቸው በፈቀደው ልክ፣ ሰሌዳው ፊት ቆሙ።

«አንድ ሰው ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላክ። አሁኑኑ። ድንገተኛ ነው።»

«ታካሚው አቶ ኬብሮን አድማሱ ናቸው። በምች ተመዝግበዋል። ምች ድንገተኛ አይደለም» አለ ሰሌዳው።

«ምች አይደለም! ማጅራት ገትር ነው። አንገቱ ተገትሯል።»

«ደረጃ አምስት ተቋም በሽታ የመለወጥ ሥልጣን የለውም።»

«ሪፈር ልጻፍለታ!»

«መጻፍ ይችላሉ። በአንቀጽ አሥራ ስድስት መሠረት ታካሚው ሦስት ተከታታይ ቀን ቅጠሉን ወስዶ ለውጥ ካላሳየ ሪፈሩ ይጸድቃል። የመጀመሪያውን ቅጠል ዛሬ ከሰጡት እሑድ ይላካል።»

«እሑድ ይሞታል!»

«ስለ ሐሳብዎ እናመሰግናለን።»

ወይዘሮ ኤልዳና ሰሌዳውን በጥፊ መቱት። ኮሪደሩ ላይ የተሰለፉት ሰዎች አንገታቸውን አስግገው አዩ። ከመካከላቸው ስምንተኛዋ፣ እንጀራ ልጇን ይዛ የመጣች ወፍራም ሴት፣ «በታክሲ ብንወስዳቸውስ እማማ?» አለች።

«የሆስፒታሉ በር ያለ ሪፈር አይከፈትም። ባለፈው ወር ያ እጁ የተሰበረው ሰውዬ ሁለት ቀን ደጅ ጠንቷል።»

ሰሌዳው ፊት ተመልሰው ቆሙ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አሥራ ስድስትን ሙሉውን አንብብልኝ።»

ሰሌዳው አነበበ። ረጅም ነው። ወደ መጨረሻው፣ ማንም ሰው አስቦበት ያልጻፈው በሚመስል አንድ መስመር፣ «በተቋሙ መድኃኒት ካለቀ ተራ የሚጠብቁ ታካሚዎች በሙሉ ወዲያውኑ ወደ ላይኛው እርከን ይላካሉ» ይላል።

«አሁን ስንት ቅጠል አለ?»

«ሃምሳ ሦስት።»

በረንዳውን ከፍተው ወጡ። ፀሐይዋ ከየረር ተራራ በላይ ወጥታ ባልዲው ላይ አርፋለች። ተክሉ ያን ያህል ተቀጥፎም ጫፉ ላይ አዲስ ቅጠል ይዟል፣ ሁለት እምቡጥም ደብቆ አሳድጓል። ወይዘሮ ኤልዳና ከመሳቢያ የወጥ ቤት መቀሱን አምጥተው ነበር። ቅጠሉን አንድ በአንድ ለመልቀም ጀመሩ። አሥር ከለቀሙ በኋላ ከኮሪደሩ የማቃሰት ድምፅ ሰሙ። ጣታቸው ቀርፋፋ ነው። ቀና ብለው ተክሉን አዩት።

«ሜላቲዬ፣ ይቅር በይኝ» አሉ።

ከዚያ ዋናውን ግንድ ከአፈሩ አንድ ጣት ከፍ ብለው በመቀሱ ያዙት። በአንድ ጊዜ አልቆረጠም። በሁለት እጃቸው ሲጫኑት ጊዜ ቀጭ አለ። ጎረቤት ቤት ድረስ የሚደርስ ሽታ በረንዳውን ሞላው።

«ምን እያደረጉ ነው?» አሉ አቶ ኬብሮን፣ በተከፈተው በር ዓይናቸውን አጥብበው እያዩ። ትኩሳቱ አስቀባዥሯቸዋል። «የተቋም ንብረት ነው እኮ… በደንብ ቁጥር…»

«ዝም ይበሉ።»

«ሁለት ቅጠል ቀርቷል» አለ ሰሌዳው።

ከጉቶው ሥር፣ በባልዲው ጠርዝ በኩል፣ እንደ ምስር ክክ የሚያካክሉ ሁለት ቅጠሎች ነበሩ። ወይዘሮ ኤልዳና ተንበርክከው ለቀሟቸው። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ተሰማ።

«መድኃኒት አልቋል» አለ ሰሌዳው። «ታካሚዎች ወደ ላይኛው እርከን ይላካሉ። አምቡላንስ ከሥር በስድስት ደቂቃ ይደርሳል። ለተቋሙ አገልግሎት አሰጣጥ ምስጋና ይድረስዎ።»

ወፍራሟ ሴትና ዘጠነኛው ታካሚ አቶ ኬብሮንን በብብታቸው ያዙ። ሊፍቱ ቆሞ ነበር። የዛሬው አገልግሎት እንዴት ነበር ብሎ ጠየቀ። ሦስቱም በአንድ ድምፅ «አምስት!» ብለው ጮኹ፤ ተከፈተ።

የቀሩት ታካሚዎች እንደ ቆሙ ቀሩ። መቼም ተልከዋል፤ ግን ራስ ምታትና ጉንፋን ይዘው የት ይሄዳሉ? ወይዘሮ ኤልዳና የወደቀውን ቅርንጫፍ አንስተው ወደ ኮሪደሩ ወጡ፣ ለእያንዳንዱ እፍኝ እፍኝ ቅጠል ሰጡት። ተቋሙ ከተከፈተ ጀምሮ ሰው እንዲህ ጠግቦ የሄደበት ቀን አልነበረም። ሁሉም ከሄዱ በኋላ ጉቶውን ተመለከቱ፣ በሩን ዘጉ፣ አልጋቸው ላይ ጋደም አሉ። እጃቸው እስከ ክንዳቸው ዳማ ከሴ ዳማ ከሴ ይሸታል። ለሁለት ቀን ያህል እጃቸውን በሳሙና አልታጠቡም።

አቶ ኬብሮን ወር ከሳምንት ሆስፒታል ተኙ። ሐኪሞቹ ግማሽ ቀን ቢዘገዩ ኖሮ አበቃላቸው ነበር አሉ። በጥር መጨረሻ ሲመለሱ ኮታቸው ሁለት ሰው ያስገባል። ግራ ጆሯቸው ከእንግዲህ አይሰማም። በሩን አንኳኩተው ገቡ፤ የመጠበቂያው ወንበር ላይ አልተቀመጡም፣ ማንም ሳይጋብዛቸው ሶፋው ላይ ነው የተቀመጡት።

«ቆረጡት አሉኝ።»

«ቆረጥኩት።»

«ከእህትዎ የመጣ ነው አይደል? አንድ ጊዜ ነግረውኝ ነበር። ስጠቁም ቅጹ ላይ የምሞላበት ቦታ ስላጣሁ ረሳሁት።» ሰፊውን ኮታቸውን ጉልበታቸው ላይ ሰበሰቡ። «ሆስፒታል ተኝቼ መመሪያውን አነበብኩት። ሦስት ጊዜ። አንቀጽ አሥራ ስድስት ትክክል አይደለም።»

አንድ አንቀጽ ትክክል አለመሆኑን ከአቶ ኬብሮን አፍ ለመስማት ማጅራት ገትር አስፈልጎ ነበር። ወይዘሮ ኤልዳና ግን ሽሮ አቀረቡላቸው። ሁለቱም ከአንድ ትሪ በሉ።

ከማግሥቱ ጀምሮ አቶ ኬብሮን በየጠዋቱ በአንድ ሰዓት ውሃ በጆግ ይዘው ይመጣሉ።

«ለማን ነው?»

«ለጉቶው።»

«ሞቷል እኮ አቶ ኬብሮን።»

ጆሯቸው ስላልሰማ ይሁን ስላልፈለገ ሳይመልሱ ያጠጡታል። ሲያጠጡ ደግሞ እንደ ክዳን ተቆጣጣሪ ነው፤ ውሃው እስከ ጠርዙ ካልደረሰ አይለቁትም። ባልዲው ጭቃ ሆነ፣ በረንዳው ላይ ውሃ ፈሰሰ፣ ከአሥራ ስድስተኛ ፎቅ አቤቱታ መጣ። አቤቱታውን የሚቀበሉት ሰብሳቢው ናቸው። ተቀብለው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

መጋቢት ስምንት ቀን አቶ ኬብሮን ጎንበስ ብለው ሲያጠጡ ቆይተው፣ በዚያው እንደጎነበሱ ቀሩ።

«ኤልዳና!» ብለው ተጣሩ። ወይዘሮ ማለቱን ረስተውታል።

ከጉቶው ጎን፣ ቅርፊቱ በተሰነጠቀበት በኩል፣ የክብሪት ራስ የምታህል አረንጓዴ ነገር ወጥታለች። ወይዘሮ ኤልዳና መነጽራቸውን አድርገው አዩዋት። ጣታቸውን አስጠግተው አሸተቱ። አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፣ የትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አቶ ኬብሮን ሊለዩት አልቻሉም።

በዚያው ሳምንት ባንቺአምላክ የሞት ማረጋገጫ ልታስሞላ መጣች። ጫማዋን አውልቃ በረንዳው ላይ ቆመች። ቅጹ የተቋሙን ኃላፊና የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢን ፊርማ ይጠይቃል። ወይዘሮ ኤልዳና ወዲያው ፈረሙ። አቶ ኬብሮን ግን ሳያነቡ አይፈርሙም። መነጽራቸውን አወጡ፣ ቅጹን ወደ ብርሃኑ ጠጋ አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።

«ተክሉ ሙሉ በሙሉ መሞቱን፣ ከእንግዲህም እንደማያቆጠቁጥ፣ በዓይኔ አይቼ አረጋግጣለሁ።»

ከቅጹ ቀና አሉ። ዓይናቸው ጉቶው ላይ አረፈ። ቀንበጧ በአምስት ቀን ውስጥ አራት ቅጠል አውጥታ፣ ፀሐይ ላይ በኩራት ቆማለች። አቶ ኬብሮን የጠርሙስ ክዳን ሲቆጣጠሩ በኖሩባቸው ዓመታት ሁሉ አንድ የላላ ክዳን አላሳለፉም። ባንቺአምላክ ዓይናቸውን ተከትላ አየች።

«ያ አረንጓዴው ምንድን ነው?»

«አረም» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና።

ልጅቷ ቀንበጧን ረጅም ጊዜ ተመለከተቻት። ነፋስ ሲነካት ሽታዋ መጣ፤ ሦስቱም ሸተታቸው።

«አረም የኛን ጽሕፈት ቤት አይመለከትም» አለች ባንቺአምላክ በመጨረሻ። «የሚመለከተው ሌላ ነው፤ እሱ ደግሞ ገና አልተቋቋመም።»

አቶ ኬብሮን ፈረሙ። ፊርማቸው ከመስመሩ ወጣ።

ልጅቷ ስትሄድ ሶፋው ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወለሉን አዩ። ፊታቸው እንደገና ታማሚ መሰለ።

«ምን አደረግሁ?» አሉ።

ወይዘሮ ኤልዳና በደህናው ጆሯቸው በኩል ተቀመጡ።

«ነገ ውሃውን ይቀንሱለት» አሏቸው። «አንድ ኩባያ ይበቃዋል።»